ዓርብ የዋለ እንቁጣጣሽ

የ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዓርብ ይውላል። ናይሮቢ ኢስትሊ ለሚኖር ሐበሻ ይህ ራስ ምታት ነው። ዕለቱ ለኦርቶዶክሱ ጾም፣ ለሙስሊሙ ጁምዓ፣ ለኬንያዊው ደግሞ የሥራ ቀን ነው። የአንድ ፎቅ ጎረቤቶች በዓሉን ደጅ፣ ሰማይ ሥር እናክብር ተባብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው ስልኩ ላይ ረጅም ዝርዝር ጽፎ፣ የሰፈሩን ድግስ ሲደግሱ ወደኖሩ እናት ጓዳ ይዞ ገባ። እኔ የተጠራሁት የገበያውን ዝርዝር እንድጽፍ ነበር፤ ክርክሩ ስለጣመኝ እሱንም ጻፍኩት።

ሰብሳቢው፦ እትዬ፣ ነገሩ አልቋል፤ የቀረው የእርስዎ እጅ ብቻ ነው። እሑድ መስከረም 3፣ ካሩራ ደን፣ 60 ሰው። ሁለት በግ እናርዳለን፣ ክትፎ ይኖራል፣ ዶሮ ወጥ፣ ጠላ...

ባለጓዳዋ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ። እንቁጣጣሽ መቼ ነው?

ሰብሳቢው፦ ዓርብ። ጾም ስለሆነ ወደ እሑድ ገፋነው።

ባለጓዳዋ፦ በዓሉ ጾሙን አይሽረውም፣ እውነትህን ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚበላው ገና ወይም ጥምቀት ሲውልበት ነው፣ ከፋሲካ በኋላም ሃምሳውን ቀን። እንቁጣጣሽ ከነዚህ አይቆጠርም። ጾሙ በዓሉን ይሽረዋል ያለህ ግን ማን ነው? ልጆቹ አበባየሆሽ የሚሉት በዕለቱ ነው። መስከረም 3 ቀን ከበሮ ይዘው ሲመጡ ሰው ምን ይላቸዋል? «ዘገያችሁ» ነው የሚላቸው።

ሰብሳቢው፦ ዓርብ ሰው ሥራ ነው እኮ። ግማሹ ሱቅ ይጠብቃል፣ ግማሹ ከተማ ወርዷል።

ባለጓዳዋ፦ ማታስ? ዓርብ ጁምዓው ቀትር ላይ ነው፣ የእኛም ቅዳሴ ማታ ሳይሆን ያልቃል። እዚህ ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። ሙስሊሙ መግሪቡን ሰግዶ፣ ባለሱቁ በሩን ዘግቶ ይመጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በለው።

ሰብሳቢው፦ ለኬንያውያኑ ሰዓቱን እንዴት ልጻፍላቸው? ባለፈው «1 ሰዓት» ብዬ ጽፌ አንዱ በቀትር መጣ።

ባለጓዳዋ፦ በእንግሊዝኛ ስለጻፍክ ነው። በስዋሂሊ በአፍ ንገራቸው፣ እነሱም እንደኛ ከንጋትና ከምሽት ነው የሚቆጥሩት። ስልክ ላይ ከጻፍክ ግን 7 በል።

ሰብሳቢው፦ እሺ፣ ማታ ይሁን እንበል። ብርዱስ? ዝናቡስ? የደጅ ግብዣ በሌሊት...

ባለጓዳዋ፦ ስለ ሰማዩ ከሆነ ከእንቁጣጣሽ የተሻለ በዓል የለንም። አገር ቤት መስከረም 1 ጭቃው ገና አልደረቀም፤ አንዳንዴ ልጆቹ አበባ የሚያዞሩት በካፊያ ነው። እዚህ ደግሞ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሌለው ብርድ ነው፣ ሰማዩ እንደተከደነ ይከርማል። መስከረም ሲጠባ ይከፈታል። ትንሹ ዝናብ የሚገባው ጥቅምት ላይ ነው። ያለን ክፍተት ያቺ አንድ ወር ናት። ፋሲካን ብትለኝ ኖሮ በድንኳንም እሺ አልልህም ነበር።

ሰብሳቢው፦ የ2016ቱን ፋሲካ አስታወሱኝ።

ባለጓዳዋ፦ ሚያዝያ 27 ነበር የዋለው። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ የዚያን ዓመት ደግሞ ጎርፉ በኬንያ ከ200 በላይ ሰው ጨርሶ፣ የማታሬ ወንዝ ዳር ሰው ቤቱን ጥሎ እየሸሸ ነበር። ዶሮ ወጡን ደጅ ልናቀርብ ያሰብን ሰዎች መኝታ ቤት ውስጥ ተደራርበን በላን። የበዓላችን ቀመር የአገር ቤት ነው፣ ሰማዩ ደግሞ የዚህ ነው። የደጅ ድግስ የሚያቅድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አለበት። ገናና ጥምቀት ደረቅ ናቸው፣ ቀኑ ግን ያቃጥላል፣ ጥላ ይፈልጋሉ። እንቁጣጣሽ ማታ የሚፈልገው ጋቢ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው፦ እንግዲያው ካሩራ ቀረ ማለት ነው፤ ደኑ በሌሊት አይሆንም።

ባለጓዳዋ፦ በቀንም ቢሆን ለዚህ ድግስ አይመቸኝም። ደኑን ጠልቼው አይደለም። ዋንጋሪ ማታይ በ1999 እ.ኤ.አ. ተደብድበው ከሕንፃ ሠሪዎች ያስጣሉት ደን ነው፤ ልጆቹን ቅዳሜ ወስዳችሁ አሩጧቸው። ግን በዝርዝርህ ላይ 120 የፕላስቲክ ኩባያ፣ 60 የፕላስቲክ ሳሕን፣ ስድስት ደርዘን የታሸገ ውሃ አያለሁ። ከጁን 5 ቀን 2020 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ኬንያ ውስጥ ወደ ጥብቅ ደንና ፓርክ አይገባም። በሩ ላይ ነው የሚያስቀሩህ።

ሰብሳቢው፦ ውሃውን በጄሪካን እንወስዳለን።

ባለጓዳዋ፦ ቡናውንስ? ደን ውስጥ ከሰል አላነድም። እንቁጣጣሽን ከቴርሞስ በተቀዳ ቡና አከበርኩ ብዬ ለማን እናገራለሁ? ጦጣውን ደግሞ እርሳው፤ ዳቦውን ከእጅህ ነው የሚወስደው።

ሰብሳቢው፦ የሚቀረው የሕንፃችን ጣሪያ ነው እንግዲህ።

ባለጓዳዋ፦ ጣሪያው ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱን ዝርዝርህ ላይ አትጻፈው። ከ60ው ሰው ስንቱ ወረቀቱ የተሟላ ይመስልሃል? በኤፕሪል 2014 በዚያ የፖሊስ አፈሳ ጊዜ ከዚህ ሰፈር ሰው በመኪና እየተጫነ ካሳራኒ ስታዲየም ሲጠራቀም አንተ ሕፃን ነበርክ። ከዚያ ወዲህ ከኢስትሊ መውጣት የማይወድ ሰው አለ። ካሩራ ብትል «እመጣለሁ» ይልሃል እንጂ አይመጣም። አምስት ደረጃ ውጣ ብትለው ግን ይመጣል።

(ስለ ጣሪያው አንድ ነገር ልጨምር። የኢስትሊ ጣሪያ ለፎቶ የሚሆን ሰገነት አይደለም። ጥቁር የውሃ ታንከሮች፣ የተጠላለፈ ሽቦ፣ የተሰጣ ልብስ ነው፤ ከሥር የአንደኛ አቬኑ ጥሩምባ አያባራም። ሰብሳቢው ደኑን መመኘቱ አይፈረድበትም። ግን ሰፈሩ ውስጥ ሰማይ የሚታየው ከዚያ ብቻ ነው፤ መንገዱ ሱቅ ሆኗል፣ ግቢ የሚባል ነገር የለም።)

ሰብሳቢው፦ ቦታው ይሁን። ምግቡ ላይ ግን አልለቅም። እንቁጣጣሽን በሽሮ ስናከብር ጎረቤት ምን ይለናል?

ባለጓዳዋ፦ የትኛው ጎረቤት? እንግዶቹን ጥራልኝ።

ሰብሳቢው፦ የእኛ ልጆች 30 ያህል። ከፊት ለፊት ፎቅ የሐረርና የቦረና ኦሮሞዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ሙስሊም። የታችኛዋ ሶማሊ እናት ከነልጆቿ። የሕንፃው ዘበኛ፣ የሕፃናቱ መምህር፣ ሁለት የኪኩዩ ቤተሰብ።

ባለጓዳዋ፦ በጉን ማን ያርደዋል?

ሰብሳቢው፦ እሱን አላሰብንም።

ባለጓዳዋ፦ የደጅ ድግስ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ኢስትሊ ውስጥ ከሥጋ ቤት የምትገዛው ሥጋ ሙስሊም ያረደው ነው፤ ከእኛ ውስጥ አጥባቂው አይነካውም። ኪያማይኮ ሄደህ በግ ገዝተህ የእኛ ሰው ቢያርደው፣ ግማሹ እንግዳህ አይነካውም።

ሰብሳቢው፦ ሁለት ድስት እናደርጋለን። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ምልክት አስረን።

ባለጓዳዋ፦ አንድ ሠርግ ላይ እንደዚያ ተደርጓል። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ አንዱ ላይ ቀይ ክር ታስሮ። ሰው ሲበዛ አንዷ አስተናጋጅ ባለክሩን ጭልፋ ይዛ ወደ ሌላው ድስት ገባች። ማንም አልተጣላም፣ ማንም አልተናገረም። ግን ሰው እንጀራውን ጠቅልሎ ጠቅልሎ በሰላጣ ብቻ በልቶ ወጣ። አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ለይተህ ታስቀምጣለህ፣ በር ትለያለህ። ጣሪያ ላይ፣ በጨለማ፣ ሕፃን በሚሯሯጥበት? የጾም ምግብ ላይ ማንም «ማን አረደው?» አይልም። የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ሼኩም ቄሱም ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ።

ሰብሳቢው፦ ለሁሉም ስለሚሆን ነው እንጂ ስለሚጥም አይደለማ።

ባለጓዳዋ፦ ይጥማል! ደጅ ደግሞ ከሥጋው ይበልጣል። ዶሮ ወጥ የተነጠረ ቅቤ ነው የያዘው። ቤት ውስጥ እየጤሰ ትበላዋለህ። ጣሪያ ላይ፣ በነፋስ፣ ገና ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ቅቤው ከንፈርህ ላይ ይረጋል። ክትፎማ ጥሬ ሥጋ ነው፤ ከምድጃ ርቆ ሁለት ሰዓት ከቆየ እኔ ለሰው ልጅ አላቀርበውም። ሥጋ ይዘህ ደጅ ከወጣህ ከሰሉን ስታራግብ ታመሻለህ፣ እንግዳህን አታጫውትም። የጾሙ ወጥ ግን በዘይት ነው የሚሠራው፣ ዘይት አይረጋም። ምስር ወጥ ለብ ብሎም ያው ምስር ወጥ ነው። ከዚያ አልፎ፣ የጾም ጓዳ ውስጥ ከመጀመሪያው በቀዝቃዛው እንዲበላ የተሠራ ስንት ነገር አለ! አዚፋ፣ ስልጆ፣ ቡቲቻ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የቲማቲም ፍትፍት፣ ስንግ ቃሪያ። እነዚህን ማን አሙቆ ይበላል?

ሰብሳቢው፦ ስልጆ እዚህ አገር ይገኛል እንዴ?

ባለጓዳዋ፦ አይገዛም፣ ይሠራል። የባቄላ ዱቄቱን በሱፍ ውሃ አገንፍተህ ታቀዘቅዘዋለህ፣ ሰናፍጩንና ነጭ ሽንኩርቱን ከተህ ከድነህ ታስቀምጠዋለህ። ሦስት ቀን ይበቃዋል። እዚህ ከአዲስ አበባ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ብለን ነው ያለነው፤ ሞቅ ስለሚል ሊጡም ስልጆውም ቀድሞ ይቦካል። ማክሰኞ ጳጉሜን 3 ከጣልኩት ለዓርብ ማታ ይደርሳል። አዚፋው ድፍን ምስር ነው፣ ሐሙስ ተቀቅሎ ያድራል፤ ሰናፍጩና ሎሚው ዓርብ ከሰዓት ይገባል። ቡቲቻውም እንዲሁ። የሱፍ ፍትፍቱ ብቻ መጨረሻ ነው። የሱፉን ወተት አጥልለን ለብቻው እናወጣዋለን፣ እንጀራው የሚቆረሰው ሰው ሲቀመጥ ነው። ቀድመህ ከፈተፈትከው አጥሚት ይሆናል።

ሰብሳቢው፦ ትኩስ ነገር ጭራሽ አይኖርም?

ባለጓዳዋ፦ አንድ ድስት ሽሮ። እሱ ጣሪያው ላይ ከሰል ምድጃ ላይ ሆኖ ይንተከተካል፣ 2 ኪሎ ዱቄት ይበቃል። ምስር ወጡ 4 ኪሎ ክክ፣ አዚፋው 2 ኪሎ። ሽንኩርት 10 ኪሎ ጻፍ። (ይህ ለእኔ ነበር። ጻፍኩ።) ጎመኑ ሱኩማ ዊኪ ነው፤ ገበያ ላይ እንደ ፀጉር አቅጥነው ከትፈው ይሸጡታል፣ አንተ ግን ያልተከተፈውን አምጣልኝ። ለኬንያውያኑ አልጫ ክክና ድንች አብጃለሁ፣ በርበሬው ይከብዳቸዋል። ሰላጣው ውስጥ ቀይ ሥር አይገባም፤ በጨለማ የማንን ነጠላ እንደሚያቀልም አይታወቅም።

ሰብሳቢው፦ እንጀራውን አዝዣለሁ፣ 120። እነዚያ ከማሽላ ጋር ቀላቅለው የሚጋግሩት ዘንድ፣ ዋጋቸው ይሻላል።

ባለጓዳዋ፦ ሰርዘው። 150 በል፣ ንጹሕ ጤፍ። ማሽላ የገባበት እንጀራ ትኩሱን ይበላል እንጂ ሲያድር ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ነፋስ ላይ ደግሞ አስበው። ጤፍ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ኢትዮጵያ በ2006 እ.ኤ.አ. ጤፍ በጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለች በኋላ እዚህ ያለነው መቀላቀል ለመድን። ለዕለት ጉርስ ይሁን፣ ለደጅ ድግስ ግን አይሆንም።

ሰብሳቢው፦ በምን እንይዘዋለን? በፌስታል እንዳልል...

ባለጓዳዋ፦ በፌስታል በል፣ ያሥሩሃል! ከኦገስት 28 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ነው። ያኔ የመጀመሪያው ሳምንት ሐበሻ እንጀራ በምን ይጠቅልል እየተባለ ሰፈሩ ሁሉ ተወያየ። መፍትሔው የእናቶቻችን ነበር፦ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እርጥብ አድርገህ ትጨምቃለህ፣ ትጠቀልልበታለህ፣ መሶብ ውስጥ ከተህ ትከድነዋለህ። አራት መሶብ ከሰው ቤት ሰብስብ። ትሪ ላይ የሚነጠፈው አንድ አንድ እንጀራ ብቻ ነው፤ የሚጨመረው ከመሶብ እየወጣ ይታደላል። ነፋስ የሚያደርቀው አስቀድሞ ተደርድሮ የሚጠብቀውን ነው።

ሰብሳቢው፦ ጠላውስ? ጌሾ ከሞያሌ የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ።

ባለጓዳዋ፦ ጌሾ እዚህ ደጋም ይበቅላል፣ ከሞያሌ ያን ሁሉ መንገድ ምን አስመጣው። ግን ጠላ አልጠምቅም።

ሰብሳቢው፦ እትዬ!

ባለጓዳዋ፦ ሕንፃው የእኛ ብቻ አይደለም። ከሥራችን ያለችው እናት ደረጃው ላይ ጠላ ሲንጠባጠብ እያየች ወደ ጣሪያ ትወጣለች ትላለህ? መጠጣት የፈለገ ቤቱ ይጠጣ። እኔ ብርዝ እበርዛለሁ። የኪቱይ ማር እዚሁ ገበያ አለ፤ 1 ኪሎ ለ5 ሊትር ውሃ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ያው ዓርብ ጠዋት። ከዚያ ቀድሜ አልበርዝም፣ ቢያድር ቢውል ወደ ጠጅነት ይሄዳል። ሁለተኛው ተልባ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ከማር ጋር። እሱም እንደ ሱፉ መጨረሻ ነው፣ ከቆየ ይወፍራል።

ሰብሳቢው፦ ቀሪቦ ብንጨምርስ? ወሎ ሙስሊሞቹ ይጠጡታል ይባላል።

ባለጓዳዋ፦ ይጠጡታል። ግን እርሾ ይገባበታል፣ ካደረ ይፈላል፣ አንዱ «አሰከረኝ» ካለ መልስ የለኝም። ብርዝ ይበቃናል። ሶማሊዋ ሻይዋን ታመጣለች፣ ሄልና ቀረፋ ያለበትን፤ ካልጠየቅናት ትቀየማለች፣ ሂድና ጠይቃት። ሳምቡሳ ላምጣ ካለችህ የምስሩን በላት።

ሰብሳቢው፦ ወተት አለበት እኮ ሻይዋ።

ባለጓዳዋ፦ ግማሹን ያለ ወተት ታፍላለች። እሷ የእኛን ጾም ከአንተ በላይ ታውቀዋለች፣ ስንት ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ።

ሰብሳቢው፦ ቡናው መቼ ይጀመር?

ባለጓዳዋ፦ ቆይቶ አይደለም፣ መጀመሪያ! ሰው ሲመጣ የሚያየው ምድጃው ላይ የሚቆላ ቡና ይሁን፣ ቆሎና ድፎ ዳቦ ይቅረብ። ዳቦውን በኮባ ፈንታ በሙዝ ቅጠል እጋግረዋለሁ፣ ማንም አይለየውም። በየቤቱ እንደምናደርገው በመጨረሻ ካልከው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አቦል ሲቀዳ ሕፃን ያለው ሁሉ ወርዷል። አቦሉ ከምግብ በፊት፣ ቶናና በረካው ከምግብ በኋላ። ምድጃዎቹን ከታንከሩ ጀርባ አድርግ፣ ነፋስ ይከልላል። ልጆች ካሉበት ጥግ ግን አርቅ፤ አንድ ባልዲ አሸዋም አጠገቡ ይቀመጥ።

ሰብሳቢው፦ (ስልኩን እያየ) ድንኳን ሰርዣለሁ፣ በግ ሰርዣለሁ፣ ኩባያ ሰርዣለሁ። ከእኔ ዝርዝር የቀረው ወንበር ብቻ ነው።

ባለጓዳዋ፦ ወንበሩም 40 ይበቃል። ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንተና ጓደኞችህ ቆማችሁ ታስተናግዳላችሁ።

ሰብሳቢው፦ እሑድስ? ልጆቹ በግ በግ እያሉ ነው፤ ገንዘቡም ተዋጥቷል።

ባለጓዳዋ፦ እሑድ የፈለጋችሁትን እረዱ፣ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ፣ በትኩሱ፣ የሚበላው ሰው ብቻ ተጠርቶ። ያን ጊዜ ዶሮ ወጥ ካሻህ እኔው እሠራልሃለሁ። ዓርብን ግን አትንካብኝ።

ሰብሳቢው፦ የጣሪያውን ቁልፍ ከባለሕንፃው ማን ይጠይቅ?

ባለጓዳዋ፦ አንተ። ዛሬውኑ። ዓርብ ደግሞ ሰው ልብስ የሚያሰጣበት ቀን ነው፣ ከየበሩ አንኳኩተህ «ሐሙስ ማታ አንሡ» በል። ተልባ የሚቆላልኝም ሰው ያስፈልገኛል፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት።

ሰብሳቢው፦ እኔ እመጣለሁ።

ባለጓዳዋ፦ አንተ ታሳርረዋለህ። እናትህን ላክልኝ፣ አንተ መሶቡን ሰብስብ።